ደረሰኙ እስኪመጣ

እናቴ ስትስቅ አንገቷ ያፏጫል። ትንንሾች ሳለን ፉጨቱ ከሳቋ የተለየ ነገር መሆኑን አናውቅም ነበር፤ የእናት ሳቅ እንዲህ ነው ብለን ነበር የምናስበው። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ጎረቤታችን ስትስቅ ሰምቶ «የእሷ ለምን አያፏጭም?» ብሎ ጠይቋል። እየኮረኮርን እናስቃታለን፣ ታፏጫለች፣ እኛም በፉጨቱ እንስቃለን። ሳቋ ያልቃል፣ የእኛ ግን አያልቅም።

ፉጨቱ ከእንቅርቷ ነው። እኛ ዘንድ እንቅርት ያለባት ሴት ብርቅ አይደለችም። ሻርፕ ጠምጥማ ገበያ ትወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፣ ታረጃለች፣ እንቅርቷም አብሯት ያረጃል። የእናቴ ግን ወደ ውጭ ማደጉን ትቶ ወደ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ጎደሬ መዋጥ አቃታት፤ አንድ ጉርሻ በውኃ ታወርዳለች። ቀጥሎ በጀርባዋ መተኛት አቃታት። አሁን የቤቱን ምሰሶ ተደግፋ፣ ተቀምጣ ነው የምታንቀላፋው። ምሰሶው ጭንቅላቷ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወዝቶ ያብረቀርቃል።

ሚዛን ከተማ ወስደናት የሆስፒታሉ ሐኪም አንገቷን በጣቶቹ እየዳሰሰ፣ «የመተንፈሻ ቧንቧዋን እየተጫነ ነው። መውጣት አለበት» አለ። ኦፕራሲዮኑን የሚሠራው ሰርጀን ከሌላ ከተማ የሚመጣ፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚቆይ እንግዳ ነበር። ቀጠሮዋ ለታኅሣሥ አጋማሽ ተጻፈ። አባቴ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ፣ «መድን ይይዘዋል?» አለ።

«መታወቂያችሁ የታደሰ ከሆነ ይይዘዋል» አሉት።

አባቴ በመንገድ ሁሉ «የታደሰ ከሆነ፣ የታደሰ ከሆነ» እያለ መጣ። እናቴ ከኋላ ቀስ ብላ ትከተለናለች፤ ዳገት ላይ ቆም እያለች፣ ዛፍ እየተደገፈች።

ይህን ሁሉ እኔ መጻፌ ራሱ ይገርመኛል። ቤታችን ውስጥ አማርኛ እንግዳ ነው። አባቴ የገበያ አማርኛ አለው፤ ዋጋ ለመጠየቅና ለመማል ይበቃዋል። እናቴ የምትሰማውን ያህል አትናገርም። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት አፌን ይዤ የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ግን የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን አንሥቶ ለክፍሉ ሁሉ አነበበው። የእኔ ቃል በሌላ ሰው አፍ! ከዚያ ቀን ወዲህ እስክሪብቶ ስይዝ ጣቶቼ ይሞቁኛል። የገበያውን ሰው፣ የባጃጁን ሹፌር፣ ዝናቡን፣ ያገኘሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ይህን የመሰለ ነገር እየጻፍኩ እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያምርልኝ ፈገግ እላለሁ። ያሳፍራል። ግን እንዲያ ነው።

ወደ መድኑ ልመለስ። በእኛ አካባቢ የጤና መድን መዋጮ ከቡና ጋር ነው የሚሄደው። ቡና ሳይለቀም ገበሬ ኪስ ውስጥ ምንም የለም፤ ስለዚህ እድሳቱ የሚሰበሰበው በለቀማ ሰሞን ነው። በጊዜው ላልከፈለ ደግሞ የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል፤ እፎይታው ሳያልቅ የከፈለ ምንም እንዳልዘገየ ይቆጠርለታል። እፎይታው ካለቀ በኋላ የመጣ ግን እንደ አዲስ ተመዝጋቢ ነው፤ ከፍሎም ቢሆን ለመታከም የመጠበቂያ ጊዜውን መጨረስ አለበት። ባለፈው ዓመት ቡናችን ዘግይቶ ቀላ፤ እኛም ወደ እፎይታው ገባን። አባቴ አልተጨነቀም። እፎይታው የሚያልቀው በኅዳር መጨረሻ ነው፣ የእኛ ደቦ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

ደቦ የደረሰን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ማሳችን ውስጥ ነበር። ወንዱም ሴቱም ቅርጫት ወገቡ ላይ አስሮ ይለቅማል፣ ይሳደባል፣ ይዘምራል። እናቴ ቁጭ ብላ የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በቃሪያ አፍልታ ለሠራተኛው ትቀዳለች። ያኔ ነው የቀበሌያችን የመድን ሰብሳቢ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ የመጣው። ወጣት ነው፤ እዚያው ሰፈር የተወለደ። ሰው በአንድ ቦታ የሚገኘው ደቦ ላይ ስለሆነ ደቦ ለደቦ እየዞረ ነው የሚሰበስበው።

«ቅርጫት ሳይዝ ደቦ የሚመጣ አንተን ብቻ አየን!» አለችው በሰፈራችን በምላሷ የምትታወቀው ሴትዮ።

«ቅርጫቴ ይኸው» አለና ቦርሳውን መታ መታ አደረገ።

«ያንተ ቅርጫት ሞልቶ አያውቅም። ታቹ ቀዳዳ ነው መሰለኝ!»

ማሳው በሳቅ ተናጋ። የእናቴ ፉጨት ከሁሉ በላይ ተሰማ። ሴትዮዋም ፉጨቱን ስትሰማ ደስ ብሏት፣ «ይኸው! ዋሽንቱም መሰከረ!» አለች።

አባቴ ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለውን ብር አወጣ። መጀመሪያ የቀላችውን ጥቂት ቡና በእሸቷ ለቡና ማጠቢያው ሸጦ ያስቀመጠው ነው፤ ጨው እንኳ አልተገዛበትም።

«ጋሼ፣ ደረሰኝ የለኝም» አለ ሰብሳቢው። «ጥራዙ አልቋል፤ ወረዳ ጠይቄያለሁ። እንደመጣልኝ ቆርጬ አመጣልሃለሁ። ካልሆነ ያዘውና ሲመጣ ትሰጠኛለህ።»

«እፎይታው አላለፈም አይደል?»

«አላለፈም።»

«እንግዲያው ያዝ። እኔ ጋ ከተቀመጠ አንዱ ነገር ይበላዋል።» ከዚያ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ወደቆሙት ሰዎች ዞረ። «እያያችሁ ነው?»

«አይተናል!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

እኛ ዘንድ ሰው ፊት የተሰጠ ነገር ተሰጥቷል። ላም ሲሸጥ፣ ወሰን ሲካለል፣ ለሙሽራ ቤት ጥሎሽ ሲቆጠር ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ሰው ቆሞ ያያል፣ «አይተናል» ይላል፣ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የካደ ሰው ከመንደሩ ይወጣል እንጂ አብሮ አይኖርም። አባቴ የዚያን ቀን የሰጠው ከደረሰኝ የሚበልጥ ነገር ይዞ ነው፤ የሰፈሩን ሁሉ ዓይን። ሰብሳቢውም ሌባ አልነበረም። ይህን ደጋግሜ መጻፍ እፈልጋለሁ። ሌባ አልነበረም።

ደረሰኙ የመጣው ታኅሣሥ ገብቶ ነው። መንገዱ ተበላሽቶ፣ ወረዳው ስብሰባ ላይ ሆኖ፣ የጥራዝ ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዶ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰብሳቢው ጥራዙ እጁ እንደገባ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ እኛ ቤት መጣ። ደረሰኙን በሁለት እጁ ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ለእኔ አቀበለኝ።

ስማችን አለ። ገንዘቡ አለ። ማኅተሙ አለ። ቀኑ ላይ ስደርስ መልሼ አነበብኩት።

«ምነው?» አለ አባቴ።

«ቀኑ የዛሬ ነው።»

«ታዲያ? ዛሬ አይደል የመጣው?»

«አባዬ፣ እፎይታው ኅዳር ላይ አልቋል። በዚህ ወረቀት እኛ የከፈልነው ዛሬ ነው።»

ሰብሳቢው የጭቃ ጫማውን እያየ፣ «ጋሼ፣ የሚጻፈው የተቆረጠበት ቀን ነው» አለ። «ጥራዙ ተራ ቁጥር አለው፣ የተረከብኩበትም ቀን ወረዳ ተመዝግቧል። እጄ ባልገባ ወረቀት ላይ የኅዳርን ቀን ብጽፍ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ እታሰራለሁ። ለአለቆቼ ግን ተናግሬያለሁ። የተቀበልኩት በጊዜው ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

አባቴ ደረሰኙን ከእጄ ወስዶ አጠፈው። «ሌባ ብትሆን ይሻለን ነበር» አለው። «ሌባ ብትሆን እናስይዝህ ነበር። አሁን ማንን ላስይዝ?»

ልጁ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ወጣ። እናቴ ከምሰሶው ሥር ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ቡና ቅጠል እንኳ ሳይጠጣ ሄደ» አለች።

በማግሥቱ ማመልከቻ ጻፍኩ። ተቀምጬ፣ ጣቶቼ እየሞቁኝ። የደቦውን ቀን ጻፍኩ፤ የተቀባዩን ሳይሆን የሰጪውን እጅ፣ በቡና የጠቆሩትን ጣቶች። የእናቴን ምሰሶ ጻፍኩ። «የእፎይታው ቀን ሳያልፍ ብራችን አልፏል፤ ያላለፈው ወረቀቱ ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር መጣልኝና ተነሥቼ በቤቱ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ይህን አንብቦ እምቢ የሚል ሰው በምድር ላይ የለም ብዬ አመንኩ። እውነቴን ነው፤ አመንኩ።

እናቴን ቤት አስቀርተን ሚዛን ስንሄድ ብቻችንን አልሄድንም። ደቦው ተከተለን። ቡና በሚጭን አይሱዙ ላይ ተጭነው፣ የጭቃ ጫማቸውን እንዳጠለቁ፣ ያየነውን እንናገራለን ብለው መጡ። የመድን ቢሮው በር ላይ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ፤ ደንበኛ የመጣለት መስሎት ተነሣ። አባቴ «ልጄ ጽፋለች» አለው፣ ኮራ ብሎ። ሰውዬው ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እንደገና አደረገው።

«ይሄማ ማመልከቻ አይደለም፣ ልብ ወለድ ነው» አለ። «አንቺ ልጅ፣ ‹ጉዳዩ› የሚለው የታለ?»

«ሁሉም ጉዳይ ነው» አልኩት።

«ኧረ ምላስ! የእኔን እንጀራ ልትቀሚ ነው የመጣሽው?» ሣቀና ወረቀቱን መለሰልኝ። «ግቡ እስቲ፣ ይቅናችሁ።»

ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበር። ወንበር አቀረበልን፤ የተረፈው ሕዝብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ማመልከቻዬን ማንበብ ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ በሩን ከፈተና አጠገቡ ካለው ክፍል አንድ ባልደረባውን ጠራ። «ና እስቲ፣ ይህን ስማ።» ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።

በድጋሚ የእኔ ቃል በሌላ ሰው አፍ። ምሰሶው፣ ጎደሬው፣ የጠቆሩት ጣቶች። «ያላለፈው ወረቀቱ ብቻ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ባልደረባው ከንፈሩን መጠጠ፤ «ወይ ጉድ!» አለ።  እናቴ ለመታነቅ ደርሳ፣ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደስ አለኝ።

ኃላፊው ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈ። «አባት፣ ይህች ልጅ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ» አለው ለአባቴ።

«እሺ ጌታዬ። መድኑስ?»

«መድኑማ…» እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ቀኑ አልፏል።»

ምላሰኛዋ ሴትዮ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ልጄ፣ አይተናል። እኛ ሁላችን ቆመን አይተናል። የእፎይታው ቀን ሳያልፍ ነው የሰጠው። ከፈለግህ በመጽሐፍ ቅዱስ እንማላለን።»

«አምናችኋለሁ፣ እናቴ። ሰብሳቢውም ነግሮኛል። ግን የእኔ ማመን ምን ይጠቅማል? ሆስፒታሉ የሚያየው ሲስተሙን ነው፤ ሲስተሙ የሚያየው የደረሰኙን ቀን ነው። በምስክር ብከፍትላችሁ ነገ ያልከፈለው ሁሉ ምስክር ይዞ ይመጣል።»

«እኛ ያልከፈለን ከፍሏል አንልም!»

«እናንተ አትሉም» አለ። በእውነት ያዘነ ይመስል ነበር። «ገንዘባችሁ ግን አልጠፋም። እንደ አዲስ ተመዝጋቢ ይያዝላችኋል። መጠበቂያውን ስትጨርሱ ትታከማለች።»

አባቴ ያ ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀ። ነገሩት። ሰርጀኑ ከሄደ በኋላ ነው።

በገንዘባችን እንዳናሳክማት ቡናው ገና አልደረቀም። የዚያን ዓመት ዝናቡ አላቆምም ብሎ ነበር፤ ጠዋት ማድረቂያ አልጋው ላይ እናሰጣለን፣ ከሰዓት ፕላስቲክ እናለብሳለን። እርጥብ ጀንፈል ይሻግታል ብሎ ነጋዴው አልነካም አለ። አባቴ ታችኛውን የቡና መሬት ለመሸጥ ሰው ጠየቀ። ይህን እናቴ ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። «ቡናውን ሸጣችሁ ጉሮሮዬን ብታስከፍቱልኝ፣ ምን ልውጥበት ነው?» አለች። ይህን ተናግራ ትንፋሽ አጠራት፤ ምሰሶዋን ያዘች፤ አባቴም ነገሩን አላነሣም።

በቀጠሮዋ ቀን ግን ታጠበች። አዲሱን ሻርፕ አደረገች፣ አንሶላዋን በፌስታል ቋጠረች። «ምናልባት ይሻሻል ይሆናል» አለች፤ ማን እንደሚያሻሽለው አልተናገረችም። እኛም አልከለከልናትም። ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከጎኗ ከቱም ከተማ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም አንገቷን በሻርፕ ሸፍናለች። የእናቴ ስም ተጠራ። አባቴ መስኮቱ ጋ ሄዶ መታወቂያውን ሰጠ። ሠራተኛዋ መታወቂያውን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ መታወቂያውን መለሰች። ሁሉም ነገር ያለ ድምፅ ነበር። ከዚያ የቱሟ ሴት ስም ተጠራ።

ሴትዮዋ መነሣት አቃታት፤ ታለቅስ ጀመር። እናቴ ጉልበቷን ያዘችላት። «አይዞሽ፣ ጌታ አለ፤ ተኝተሽ ነው የሚያደርጉልሽ፣ አይሰማሽም» አለቻት በዚያች ትንሽ አማርኛዋ። በዓመቱ ውስጥ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ አማርኛ ያ ነበር። ሴትዮዋ ለአልጋዋ የምታነጥፈው ነገር አልያዘችም ነበር። እናቴ ፌስታሏን ሰጠቻት።

እንዲህ ሆኖ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተከተለ፤ ሰው ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ኃላፊውን ያስደነቀው ማመልከቻ ወሬው ከአይሱዙው ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። የወሰን ክርክር ያለበት፣ ልጇ ትምህርት ቤት የተከለከለባት፣ ማዳበሪያ ያልደረሰው፤ ሁሉም ይመጣሉ። አንዱ የሙዝ እጅ፣ ሌላው እንቁላል ይዞ ይመጣል። በራችን ላይ በርጩማ አውጥቼ እጽፋለሁ። አሁን «ጉዳዩ» ብዬ መጀመር ለምጃለሁ። ሰዎቹ ያጫወቱኝን መልሼ ሳነብላቸው «አዎ! ልክ እንዲያ!» ሲሉ ደስታው እንደገና ይይዘኛል። አንዳንዶቹ ይሳካላቸዋል። የትምህርት ቤቷ ልጅ ተመልሳለች።

እናቴ ከውስጥ ትሰማለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሄድ ጠራችኝ።

«የእኔን አንብቢልኝ።»

ረቂቁ ደብተሬ ውስጥ ነበር። በአማርኛ አነበብኩላት፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ቋንቋችን እየመለስኩ ነገርኳት። በእኛ ቋንቋ አጠረ፤ ጌጡ ሁሉ መንገድ ላይ ቀረ። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ይህን እነሱ አነበቡት?» አለች።

«አዎ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያነበበው።»

 ከጉሮሮዋ የሚወጣውና የሚገባው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«እኔ ያላነበቡት መስሎኝ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ማመልከቻ አላነሣችም። እኔም ያን ረቂቅ ገልጬ አላየሁትም። ሌላውን ግን መጻፍ አልተውኩም፤ ልተወውም አልችልም።

መጠበቂያው አለቀ። መታወቂያችን ሠራ። ወንድሜ ወባ ሲይዘው በእሱ ታከመ፤ መድኑ ውሸት አይደለም። ሰርጀኑ ግን የለም። ሆስፒታል በሄድን ቁጥር «ሌላ ሲመጣ እንደውልላችኋለን» ይሉናል፤ አባቴ ስልኩን ከአንገቱ አይለይም፣ ቡና ላይ ሲወጣ እንኳ አፉ ውስጥ ነክሶት ነው የሚወጣው። ሚዛን ያለው ሐኪም ጂማ ውሰዷት አለን። የሪፈር ወረቀት ተጻፈ። ጂማ ቀጠሮ ሰጡን፤ ቀጠሮው ሌላ የለቀማ ሰሞን አልፎ ነው። ያ ማለት መታወቂያው እንደገና መታደስ አለበት።

ዘንድሮ ሰብሳቢው መጀመሪያ የመጣው ወደ እኛ ደቦ ነው። እፎይታው ገና አልተጀመረም። ጥራዙን ከቦርሳው አውጥቶ ከሩቅ እያሳየ መጣ። አባቴ ብሩን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን እጁን ዘረጋ። «መጀመሪያ ወረቀቱን» አለ። ልጁ ምንም ሳይከፋው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ እኔ ቀኑን አነበብኩ፤ ብሩ ተሰጠ። ሰዎቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አባቴ ወደ እነሱ አልዞረም። ማንም «አይተናል» አላለም። ወደ ለቀማቸው ተመለሱ።

ዝምታው ያስጨነቃት ምላሰኛዋ ሴትዮ፣ «ዘንድሮም ቅርጫት አልያዝክም!» አለችው ለልጁ። ሰው ሣቀ። ሲሥቁ ሁሉም ሳያውቁት ወደ እናቴ ዞሩ፤ ዋሽንቱን መጠበቃቸው ነው። እናቴ አፏን ገጥማ ፈገግ አለች። መሣቅ ትንፋሿን ስለሚወስድባት ትታዋለች።

ፉጨቱ ግን አለ። አሁን ሳቅ አይፈልግም። ከረድፉ ወዲያ፣ ቅጠሉ ሸፍኗት ሳላያት፣ የት እንዳለች በእሱ አውቃለሁ። ይወጣል፣ ይገባል። እለቅማለሁ። አንዳንዴ ለአፍታ ሲጠፋ እጄ ቅርንጫፉ ላይ ይቆማል፤ ከወዲያኛው ረድፍ የአባቴም እጅ እንደቆመ ይሰማኛል። ተመልሶ እስኪመጣ ሁለታችንም አንለቅምም።